የማይሸጠውን መገመት

ዳንግላ ውስጥ «ቤት ገዛሁ» የሚል ሰው ውሉን አውጥቶ ቢያነበው የገዛው ግድግዳና ቆርቆሮ ነው። መሬቱ ውሉ ውስጥ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ስላለ ሻጩም ገዢውም ስሙን አያነሱትም። ይሁን እንጂ አስፋልት ዳር ያለች ያዘመመች የጭቃ ቤት ከከተማው ጫፍ ከቆመ አዲስ የብሎኬት ቤት በላይ ልታወጣ ትችላለች። ልዩነቱን የከፈለው ሰው ለምን እንደከፈለ ያውቃል፤ ደላላውም ያውቃል። ሁሉም የሚያውቀውን፣ ማንም ግን ወረቀት ላይ የማያሰፍረውን ይህን ነገር በቁጥር ጽፎ የሚፈርምበት ሰው ነው ንብረት ገማች የሚባለው።

ገማች የሚጠራው ሰው ሲቸገር ወይም ሲጣላ ነው። ብድር የፈለገ ነጋዴ ቤቱን ሲያስይዝ ባንኩ ገማች ይልካል፤ ብድሩ ካልተከፈለ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ስለሚፈቅድ፣ ያ ግምት አንድ ቀን የጨረታ መነሻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ወንድማማቾች ውርስ ሲካፈሉ ፍርድ ቤት ባለሙያ ያዛል። መንገድ ወይም ግድብ ሲመጣም ለሚነሳው ሰው ካሳ ይገመታል።

የቤቱ ሥራ አስቸጋሪ አይደለም። ሜትር ይዘረጋል። ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት? ወለሉ ሊሾ ነው አፈር? ኮርኒስ አለው? ይህ ቤት ዛሬ ከመሠረቱ ቢሠራ ምን ያህል እንደሚፈጅ ተሰልቶ እርጅናው ይቀነሳል። በሌላው ዓለም ገማቹ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጎረቤት ያለው ተመሳሳይ ቤት በስንት እንደተሸጠ ነው። እኛ ዘንድ ግን በውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ ግብርን የሚፈራ ዋጋ ስለሆነ ማወዳደሪያው ይከዳል።

ዳንግላ ባለችበት በአዊ ዞን ጀማሪ ገማችን የሚፈትነው ከከተማ ውጭ ያለው ነው። ፋግታ ለኮማ ላይ ኮረብታውን የሸፈነው ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር ነው፤ እዚህ ግን እንደ ሰብል ተቆጥሯል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር ያበቅለዋል፤ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስለዋል። ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። አሁን በዚህ ማሳ ላይ መንገድ ያልፋል እንበል።

የካሳው ሒሳብ ሁለት ነው፤ የዛፉና የማሳው። ለዛፉ የ1999ኙ የካሳ ደንብ ዕድገቱንና የአካባቢውን ዋጋ አይቶ ነበር የሚያስገምተው፤ ባለቤቱ ከፈለገም በካሳው ፋንታ ዛፉን ራሱ ቆርጦ እንዲወስድ ፈቅዶለት ነበር። ለማሳው ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በቋሚነት ለሚነሳ ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 ያባዛል። ለጤፍ ማሳ ይህ ግልጽ ነው። ዲከረንስ ላይ ግን ይጣመማል። የአንድ ቃዳ ማሳ ከሰል 100,000 ብር ያወጣል እንበል። ዓምና ያከሰለው ገበሬ ከፍተኛ ገቢው 100,000 ስለሆነ በ15 ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ተኩል ይደርሳል። የጎረቤቱ ዛፍ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከዚያ ማሳ ያገኘው ሣር ብቻ ነው። የከሰሉ ገቢ ለአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ቢያዝ ደግሞ ለሁለቱም በዓመት 20,000፣ በ15 ሲባዛ 300,000 ብር ይሆናል። ድንበርተኛ ናቸው፤ አፈሩም አንድ ነው። የሚገርመው፣ የቀድሞው የ1997ቱ የካሳ አዋጅ ይዞት የነበረው የአምስት ዓመት አማካይ ለዲከረንስ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል፤ ብዜቱ ግን አሥር ብቻ ነበር። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉ ላይ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ ስለጎዳ የዓምናን የዋጋ ዝርዝር ይዞ የሚወጣ ገማች የሌለ ደን ሊገምት ይችላል።

እንግዲህ ይህን ሥራ ማን ይጀምረዋል? ሲቪል ምሕንድስና፣ ግብርና ወይም ሒሳብ የተማረ ሊሆን ይችላል፤ ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የመሬት አስተዳደር ኢንስቲትዩት አለው። በ1161/2011 መሠረት የካሳ ግምት የሚሰጠው በቅድሚያ ፈቃድ ላለው የግል ገማች ነው፤ እሱ ከሌለ ራሱን ለቻለ የመንግሥት ተቋም፤ ያም ከሌለ ወረዳው ወይም ከተማው ለሚያቋቁመው የባለሙያዎች ኮሚቴ። በትንንሽ ከተሞች ጀማሪው ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚለምደው በኮሚቴው ውስጥ ነው። ኮሚቴው ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ መሐንዲሱ ስለ ኮንክሪት፣ የግብርናው ሰው ስለ ድንች ይነግርሃል። ነገር ግን በ2016ቱ የአዋጁ ማሻሻያ ካሳ የመክፈሉ ኃላፊነት ወደ ክልሎችና ከተማ አስተዳደሮች ወርዷል። ካሳ ከፋዩና ገማቹን የሚመድበው አካል ሲቀራረቡ፣ «ትንሽ ዝቅ አድርገው» የሚለው ቃል ጀማሪው ጆሮ መድረሱ አይቀርም።

አሜሪካ ውስጥ ጀማሪን የሚያቆመው ሌላ ነው። ለዝቅተኛው የመኖሪያ ቤት ፈቃድ ልምድ ካለው ገማች ሥር 1,000 ሰዓት መሥራት ይጠየቃል። ሙያው በአብዛኛው በነጭ ወንዶች እጅ ስለቆየ ሴቶችና ጥቁሮች የሚያስጠጋቸው አሠልጣኝ አጥተው ሲቸገሩ ኖረዋል፤ በዚህም ምክንያት ልምምዱን በኮምፒውተር የሚተካ መንገድ እስከ መክፈት ተደርሷል። እኛ ዘንድ በሩን የሚዘጋ አሠልጣኝ የለም፤ አሠልጣኙ ራሱ ጥቂት ነው።

በኔ ግምት አዊ ውስጥ ከሁሉ የምትቀድመው ጀማሪ አገውኛ የምትናገር የአካባቢው ልጅ ናት። አማራ ክልል ውስጥ በገጠር መሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶ አብሮ ይወጣል፤ የግምቱ ቀን ግን አጥር ጥግ ቆሞ የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ባል ነው። እሱ ማሳውን ያውቃል። ጓሮውን የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ ቀርከሃውን፣ ድንቹን፣ ከቤት ጀርባ ያለውን ጌሾ። ያልተጠየቀ ጓሮ ቅጹ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ያልፋል።

የጀማሪዋ ቦርሳ ውስጥ ሜትር፣ ጂፒኤስ፣ ቅጽ፣ ከእስክሪብቶም ይልቅ እርሳስ ይኑር፤ የእንጅባራ ዝናብ ቀለም ያጥባል። ቅጹን ለባልየው ከማስፈረሟ በፊት ወደ ጓሮ ዞራ በአገውኛ ትጠይቅ፦ «እማማ፣ ጌሾው በዓመት ስንቴ ይቀጠፋል?»