መሠረት ከመቆፈሩ በፊት
በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር የካህናት መኖሪያ ለማሠራት የሚነሣ ሰበካ ጉባኤ ንድፉን አስቀድሞ «ስዊት ሆም ስሪ ዲ» በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቢሞክረው፣ የክፍሎች ስፋት ክርክር መሠረት ሳይቆፈር ያልቃል። ፕሮግራሙ በነፃ ይገኛል፤ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም።

ቦታው በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ይለካ። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የግድግዳው ውፍረት ነው። ፕሮግራሙ በራሱ የሚያሰምረው 7.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለውጭ ግድግዳ የተለመደው ብሎኬት 20 ነው። ከውጭ ወደ ውጭ 4 ሜትር የሆነች ቤት ይህ ሳይታረም ብትነደፍ፣ ስትሠራ ውስጧ በ25 ሳንቲ ሜትር ይጠባል፤ ያውም ልስኑ ሳይቆጠር። በንድፉ የገባ አልጋ በቤቱ ላይገባ ይችላል።

ፕሮግራሙ የመሬቱን ተዳፋትም ሆነ የአፈሩን ጠባይ አያውቅም፤ የመሠረቱን ጥልቀትና የብረቱን መጠን መሐንዲስ ይወስን።