እርጎው ለምን አልረጋም?

በሳሪስና በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ በየግቢው ላም የሚያልቡ ቤተሰቦች አልፎ አልፎ አንድ ችግር ይገጥማቸዋል። ለእርጎ የተቀመጠው ወተት ሳይረጋ ይቀራል። ምክንያቱ ብርድ ሊሆን ይችላል። ላሚቱ በቅርቡ ለጡት በሽታ ታክማ ከሆነ ግን አንቲባዮቲኩ ወደ ወተቱ አልፎ እርጎ የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ገድሎ ይሆናል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። አንቲባዮቲክ በጥቂት በጥቂቱ ሲደጋገም ደካሞቹ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ግን ይራባሉ። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር።

ወተት ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች መካከል አንዳንዶቹ የራሳቸው መከላከያ አላቸው። ላክቶኮከስ ላክቲስ የተባለው ናይሲን የሚባል ፔፕታይድ፣ ይኸውም የ34 አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ይሠራል። ናይሲን የሌሎችን ባክቴሪያዎች ሽፋን ይበሳል። በአይብና በታሸጉ ምግቦች ላይ ብልሽትን ለመከላከል ያገለግላል። ይሁን እንጂ ሻጋታን አይገታም፤ ብቻውን ኢ. ኮላይንም አያጠፋም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች አጫጭር ፔፕታይዶችን ራሳቸው ይነድፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ከእንቁራሪት ቆዳ የተገኘው ማጋይኒን 23 አሚኖ አሲዶች ብቻ ስላሉት ለብዙ ንድፎች አርአያ ሆኗል። የባክቴሪያ ሽፋን አሉታዊ ሙል ስላለው ፔፕታይዱ አዎንታዊ ሙል ይሰጠዋል፤ አንደኛው ጎኑ ደግሞ ስብ ወዳድ ይደረጋል። ተጣብቆም ሽፋኑን ያፈርሳል። ባክቴሪያ ሽፋኑን በቀላሉ መለወጥ ስለሚቸግረው መላመዱ ይዘገያል፤ ፈጽሞ አይላመድም ማለት ግን አይደለም። የሚቀሩት እንቅፋቶች ዋጋው፣ በአንጀት ውስጥ መፈጨቱና ቀይ የደም ሕዋስን ሊጎዳ መቻሉ ናቸው።

እነዚህ እስኪደርሱልን ድረስ በእጃችን ያሉትን መድኃኒቶች መጠበቅ ግዴታችን ነው። ስለሆነም የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት የሚከተሉትን እንድትፈጽሙ እናሳስባለን፤

ሀ. ሕክምናው በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ይሁን፤ የታዘዘውም መጠን ሳይቋረጥ ይፈጸም።

ለ. የታከመች ላም ወተት በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፉት ቀናት እስኪያልፉ ድረስ ከማኅበሩ ወተት ጋር አይቀላቀል፤ ለጥጃም አይሰጥ። ማፍላት መድኃኒቱን አያስወግድም።

ሐ. የታከመችበት ቀን ይመዝገብ።

ወተቱን የሚደፋ አባል የዕለት ገቢውን ያጣል። ኪሳራውን ብቻውን ከተሸከመ ሕክምናውን ለመደበቅ ይገደዳል። ማኅበሩ ኪሳራውን በጋራ የሚካፈልበት ደንብ ቢያወጣ አባሉም እውነቱን ይናገራል፣ እርጎውም ይረጋል።