ሰውነትን የሚያስረው ዕድሜ ብቻ ነውን?



ዕድሜው አምሳን የተሻገረ ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ጠረጴዛውን ተመርኩዞ፥ «ወይ ጉልበቴ!» ሲል መስማት በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው። ባጠገቡ ያሉት ባልደረቦቹም፥ «ምን ይደረጋል፥ ዕድሜ ነው» ብለው ያጽናኑታል። እርሱም ይህን ፍርድ ይግባኝ ሳይልበት ይቀበላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደረጃ መውጣትን ይሸሻል፤ ከመዝገብ ቤት የሚፈልገውን ፋይል ራሱ ሄዶ በማምጣት ፈንታ ተላላኪ ይልካል፤ ወረቀት ከእጁ ቢወድቅ እንኳ ጎንበስ ብሎ የሚያነሣለት ሰው ይጠብቃል። እንዲህ ሲያደርግ የሚፈራውን ድካም በገዛ እጁ ያፋጥነዋል።

ዛሬ ልንገልጽላችሁ ያሰብነው ይህ ፍርድ በከፊል ብቻ እውነት መሆኑን ነው። ዕድሜ ከሰው ላይ የሚወስደው ነገር በርግጥ አለ። ነገር ግን በዕድሜ ስም ከምናጣው ኃይል ብዙው የሚጠፋው ሰውነታችንን ሥራ ስላስፈታነው ነው። ሥራ በመፍታት የጠፋው ደግሞ በሥራ ሊመለስ ይችላል።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ የመገጣጠሚያን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ስፍራ፥ ለምሳሌ በጉልበት ወይም በዳሌ ላይ፥ የየአጥንቱ ጫፍ ለስላሳና ጠንካራ በሆነ ሽፋን ተለብጧል። ይህ ሽፋን እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። አሠራሩም ስፖንጅን ይመስላል። ስንረግጥ ይጨመቃል፤ እግራችንን ስናነሣ ፈሳሹን መልሶ ይመጣል። ይህም ማለት እንቅስቃሴ ለመገጣጠሚያ እንደ ማዕድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ የዋለ ጉልበትም ጦሙን እንደ ዋለ ይቆጠራል።

ጡንቻና ጅማትም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ጡንቻ ብዙ ሰዓት በቆየበት ርዝመት ይለመዳል። በወንበር ላይ ስንቀመጥ ከወገብ ወደ ጭን ፊት የሚወርዱት ጡንቻዎች አጥረው፥ የመቀመጫችን ጡንቻዎች ደግሞ ሥራ ፈትተው ይውላሉ። በቀን ስምንት ሰዓት፥ ያውም ለሃያና ለሠላሳ ዓመት እንዲህ የተቀመጠ ሰው ሲነሣ ወገቡ ቀጥ አልልለት፥ እርምጃው አጭር፥ ትከሻው ወደ ፊት የጎበጠ ቢሆን አያስደንቅም። ሰውነቱ ያመፀበት አይደለም፤ ያስተማረውን የወንበር ቅርጽ ይዞ መቅረቱ ነው።

ዕድሜ የሚያደርገውንም መካድ አይገባም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የጡንቻ መጠን ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል፤ ከ60 ዓመት ወዲህ ደግሞ ቅነሳው ይፈጥናል። ጅማቶችም እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይለጠጡም፤ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታም ይዳከማል። ሆኖም ከዕድሜና ከሥራ መፍታት የትኛው እንደሚከፋ ለመመዘን የሚረዳ አንድ የታወቀ ምርመራ አለ።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 ዓመተ ምሕረት በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ፥ ዕድሜያቸው 20 ዓመት የሆነ 5 ጤነኞች ወጣቶች ለ3 ሳምንት በአልጋ ላይ እንዲውሉ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ሲመረመሩ የልባቸውና የሰውነታቸው የመሥራት ኃይል በብዙ ቀንሶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1996፥ እነዚሁ ሰዎች የ50 ዓመት ጎልማሶች ሆነው እንደገና ተመረመሩ። ውጤቱም በእውነት የሚያስገርም ነበር። በወጣትነታቸው የ3 ሳምንት መተኛት ያደረሰባቸው ድካም፥ 30 ዓመት ሙሉ ካደረሰባቸው ድካም የበለጠ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ለ6 ወር በየጊዜው እየተራመዱና እየሮጡ፥ ብስክሌትም እየነዱ ከሠለጠኑ በኋላ፥ ዓመታት የወሰዱባቸው ይህ ኃይል ተመልሶ በ20 ዓመታቸው ከመተኛታቸው በፊት ወደ ነበረበት ደረጃ ደረሰ።

ምናልባት፥ «እነርሱ ገና የ50 ዓመት ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ጊዜዬ አልፏል» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነው ዶክተር ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቻቸው በቦስተን ከተማ አካሂደው በ1990 ያሳተሙት ሥራ ነው። እነዚህ ሐኪሞች በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 ዓመት የሆነ 10 ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ለ8 ሳምንት ክብደት በእግራቸው እንዲያነሡ አሠለጠኗቸው። ሥልጠናውን የፈጸሙት 9ኙ ሰዎች የእግራቸው ኃይል በአማካይ በ174 ከመቶ ጨመረ፤ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አስከትሎ በቀጥታ መሥመር የመራመድ ፍጥነታቸውም በ48 ከመቶ ከፍ አለ። ነገር ግን ሥልጠናው ሲቆም ያገኙት ኃይል መልሶ መቀነስ ጀመረ። ከዚህ የምንማረው ነገር ሁለት ነው፤ ለመጀመር የሚያረፍድ ዕድሜ የለም፤ ተጀምሮ የሚተውም ልምምድ ውሎ አድሮ ጥቅሙን ያጣል።

ጉዳዩ ስለ ቁመና ማማር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሰው ከመሬት ብቻውን መነሣት ሲያቅተው ነፃነቱ አብሮ ይቀነሳል፤ ሰው ሳይጠራ ልብሱን መልበስ፥ መታጠብ፥ ዘመድ መጠየቅ ይቸግረዋል። የወደቀም እንደሆነ የዳሌ አጥንት ስብራት ለወራት አልጋ ላይ ሊያውለው ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ በዓለም ላይ ሳይታሰብ በሚደርስ ጉዳት ከሚሞቱት ሰዎች መካከል የመውደቅ አደጋ የሚገድላቸው በብዛት ሁለተኛውን ስፍራ ይይዛሉ። በአገራችን በበርጩማ፥ በመደብና በምንጣፍ መቀመጥ፥ ቁጢጥ ብሎም መሥራት የተለመደ ስለ ነበረ፥ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሳያስቡት በየቀኑ ይህን ልምምድ ይፈጽሙ ነበር። ከተማ ገብተን ከፍ ያለ ወንበርና ሶፋ ስንገዛ ምቾቱን አገኘን፤ ልምምዱን ግን የተካው ነገር የለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በየቤታችሁ፥ ያለ ልዩ መሣሪያ ልትፈጽሟቸው የምትችሉትን ጥቂት ነገሮች እንዘረዝራለን።

አንደኛ፥ ጠንካራና የማይንሸራተት ወንበር ከግድግዳ አስጠግታችሁ ተቀመጡ፤ እጃችሁንም በደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ፥ ሳትደገፉ ተነሡ፤ መልሳችሁም ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ይህን 10 ጊዜ ደጋግሙ። ለጀማሪ ከበደ እንደሆነ በእጅ ትንሽ እየተደገፉ 5 ጊዜ ማድረግ ይበቃል።

ሁለተኛ፥ በሁለት እጃችሁ ግድግዳ ይዛችሁ አንድ እግራችሁን ወደ ኋላ አርቃችሁ ትከሉ፤ ተረከዙ ከመሬት ሳይነሣ፥ የፊተኛውን ጉልበት አጠፍ አድርጋችሁ ወገባችሁን ወደ ፊት ግፉት። ባትና የጭን ፊት ሲለጠጥ ይሰማችኋል። ሳትናጡ ለ30 ሴኮንድ ያህል ቆዩና እግር ለውጡ።

ሦስተኛ፥ ጀርባችሁን ከግድግዳ አስደግፋችሁ ሁለቱን ክንዶች ግድግዳውን እየታከኩ እስከ ተቻላችሁ ወደ ላይ አንሡ፤ ቀስ ብላችሁም አውርዱ። ይህ ቀኑን ሙሉ በጽሕፈት የጎበጠውን ትከሻ ይፈታል።

አራተኛ፥ የወንበሩን መደገፊያ ይዛችሁ በአንድ እግር ለ10 ሴኮንድ ቁሙ። ከተለማመዳችሁ በኋላ በአንድ ጣት ብቻ እየነካችሁ ሞክሩት። ይህ ሚዛንን ለማጠንከር ነው።

በመሥሪያ ቤትም ቢሆን በየግማሽ ሰዓቱ ብድግ ብሎ ጥቂት መራመድ፥ ፋይሉን ራስ ሄዶ ማምጣት፥ አንድ ሁለት ፎቅ በእግር መውጣት፥ ማታም ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፥ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፥ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲያደርጉ ይመክራል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት 5 ቀን፥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ነው።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ጡንቻ ሲለጠጥ የሚሰማ መጠነኛ መሳብ ጤነኛ ነው፤ መገጣጠሚያን እንደ ጦር የሚወጋ ሕመም ግን አቁሙ የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ጉልበቱ ያበጠ ወይም የሚያተኩሰው፥ የልብ ሕመም ያለበት፥ የሚያዞረው ወይም በቅርብ ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ልምምዱን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። የሠላሳ ዓመት እስራት በአንድ ሳምንት አይፈታምና ማንም ቢሆን አይቸኩል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች፥ «ጡረታ ስወጣ አገሬን እጎበኛለሁ፥ ዘመዶቼን እጠይቃለሁ፥ የልጅ ልጆቼን አጫውታለሁ» እያሉ የ60 ዓመታቸውን ቀን ይጠባበቃሉ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የጡረታ አበል ከደመወዝ ላይ በየወሩ ተቀንሶ እንደሚጠራቀም ሁሉ፥ የጡረታ ጊዜ ጉልበትም ዛሬ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተባለ ካልተጠራቀመ በዚያን ቀን ከየትም አይገኝም። ስለዚህ ክቡራን አንባቢዎች፥ ይህን ጋዜጣ አጥፋችሁ ስታስቀምጡ፥ ጠረጴዛውን ሳትመረኮዙ ለመነሣት ሞክሩ።