በሙዚቃ ፋይል ውስጥ ስለሚጻፍ ስምና በኮምፒዩተር ስለ አፈላለጉ፤ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ በተገኙ ምሳሌዎች

መግቢያ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አገር አንድ ሕፃን ሲወለድ ሁለት ስም ያገኛል። አንደኛው እናት አባቱ የሚያወጡለት የዓለም ስም ነው፤ ሁለተኛውም ወንድ ቢሆን በ40፣ ሴት ብትሆን በ80 ቀን ክርስትና ሲነሣ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። በገበያ የሚጠራው በመጀመሪያው፣ በጸሎት የሚታሰበው ግን በሁለተኛው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ካህኑ ሄዶ የሟቹን የዓለም ስም ብቻ ቢናገር፣ «የክርስትና ስሙስ ማን ነው?» መባሉ አይቀርም።

ዛሬ በየስልኩና በየኮምፒዩተሩ ተጭኖ የሚገኘው የዘፈን ፋይልም እንዲሁ ባለ ሁለት ስም ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ እነዚህ ሁለት ስሞች ምን እንደ ሆኑ፣ ፈላጊውስ አንዱን እያየ ሌላውን የሚስተው ስለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው።

ለጥናቱ ያነሣሣን ነገር ይህ ነው። ከመካከላችን የአንዱ አያት በሽለላ የታወቁ ሰው ነበሩ። በአንድ ሠርግ ላይ ድምፃቸው በካሴት ተቀርጾ በቤተ ሰቡ ዘንድ ሲጠበቅ ኖረ። ካሴቱ እያረጀ ስለ ሄደ ዘፈን ወደሚጫንበት አንድ ሱቅ ተወስዶ ወደ ፋይል ተገለበጠና ከአያሌ ዘፈኖች ጋር በአንዲት ሜሞሪ ካርድ ተመለሰ። ሽማግሌው ካረፉ በኋላ ቤተ ሰቡ ድምፃቸውን ለመስማት ፈልጎ ስማቸውን በኮምፒዩተሩ ላይ ቢጽፍ ምንም አልተገኘም። የሰፈራቸውን ስም ቢጽፍም እንዲሁ ሆነ። እናት «በቃ፣ ድምፁም እንደሱ ሄደ» ብለው አለቀሱ። ነገር ግን አንድ ቀን ሙሉ ፋይሎቹን በተራ እየከፈትን ስናደምጥ ድምፁ ተገኘ። የፋይሉ ስም «ትራክ 07» ይላል፤ በዘፋኙ ስም ቦታም «ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ጠፍቶ የነበረው ድምፁ ሳይሆን ስሙ ነበር።

1. የውጪው ስምና የውስጡ ስም

የውጪው ስም ፋይሉ በማኅደሩ ውስጥ የሚታወቅበት ስም ነው። ማንም ሰው ሊለውጠው ይችላል። የውስጡ ስም ግን ከድምፁ ጋር በአንድነት በፋይሉ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ጽሑፍ ነው፤ ይኸውም የዘፈኑን ርእስ፣ የዘፋኙን ስም፣ የአልበሙን ስም፣ ዓመቱንና የዘፈኑን ዓይነት የሚገልጽ ነው። ኤም ፒ 3 በሚባሉት ፋይሎች ዘንድ ይህ ጽሑፍ አይ ዲ 3 ተብሎ ይጠራል።

አንዱን መለወጥ ሌላውን አይለውጠውም። ብዙ ሰው የውጪውን ስም አስተካክሎ ከጻፈ በኋላ ዘፈን ማጫወቻው አሁንም የቀድሞውን ሲያሳየው ይደነቃል። ምክንያቱ ማጫወቻው የሚያነበው የውስጡን ስለ ሆነ ነው። የፋይል ማኅደርን የሚያሳየው ፕሮግራም ግን የውጪውን ያሳያል። በብዙ ስልኮችም የውስጡ ርእስ ባዶ ሲሆን ማጫወቻው የውጪውን ስም በምትኩ ያቀርባል።

የኮምፒዩተር ፈላጊ ከእነዚህ ሁለቱ መካከል ቆሞ ይገኛል። ለምሳሌ የዊንዶውስ ፈላጊ ማውጫ በተዘጋጀለት ማኅደር ውስጥ ሁለቱንም ስሞች ይመረምራል፤ ውጤቱን ሲዘረዝር ግን ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የውጪውን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ጥላሁን» ብሎ ጽፎ «ትራክ 03» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ስሕተት ይመስላል፤ ሆኖም ቃሉ ከውስጡ ስም ጋር ስለ ገጠመ ነው። ማውጫ ባልተዘጋጀለት ቦታ፣ ለምሳሌ ለጊዜው በተሰካ ፍላሽ ላይ፣ ፈላጊው የውስጡን ስም ላይመለከት ስለሚችል የውጪው ስም አለመስተካከሉ ይጎዳል።

«ትራክ 07» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በካሴት ላይም ሆነ በተራ የሙዚቃ ሲዲ ላይ ያለው ድምፁ ብቻ ነው፤ ስሙ በሽፋኑ ወረቀት ላይ ይቀራል። ገልባጩ ሰው ስሙን በእጁ ካልጻፈ ኮምፒዩተሩ ተራ ቁጥር ሰጥቶ ያልፋል።

2. ስለ ስሙ ቦታ ጥበት

የመጀመሪያው አይ ዲ 3 በ1996 እ.ኤ.አ. ኤሪክ ኬምፕ በሚባል ሰው ተዘጋጀ። በፋይሉ መጨረሻ ላይ 128 ባይት ብቻ ይይዛል። ከዚህም 3ቱ ለምልክት፣ 30 ለርእስ፣ 30 ለዘፋኝ፣ 30 ለአልበም፣ 4 ለዓመት፣ 30 ለማስታወሻ፣ 1 ደግሞ ለዘፈኑ ዓይነት የተመደቡ ናቸው። ለላቲን ፊደል 30 ባይት 30 ፊደል ማለት ነው። ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ ግን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚፈጅ የሚገባው 10 ፊደል ብቻ ይሆናል።

«ጥላሁን ገሠሠ» የሚለው ስም 7 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስለ ሆነ 22 ባይት ይወስዳል፤ ይበቃዋል። «የመንዝ ፉከራ በመሐል ሜዳ ሠርግ» የሚል ርእስ ግን 52 ባይት ይፈልጋል። ስለዚህ በ30ው ላይ ሲቆረጥ «የመንዝ ፉከራ በመ» ብሎ ይቀራል፤ ከ«ሐ» ፊደልም ሲሶዋ ብቻ ስለ ገባ በመጨረሻው የማይነበብ ምልክት ይታያል። እንግዲህ ሰው «መሐል ሜዳ» ብሎ ቢፈልግ እንዴት ሊያገኘው ይችላል?

ለዘፈኑ ዓይነት የተዘጋጀው መጀመሪያው ዝርዝርም 80 ስሞች ነበሩት፤ ፉከራ፣ ሽለላ፣ እንጉርጉሮ የሚሉት ግን አልነበሩበትም። በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው አይ ዲ 3 ወደ ፋይሉ መጀመሪያ ተዛውሮ የቦታውን ጥበት አስወገደ። ሆኖም አንዳንድ ፋይሎች ሁለቱንም ይዘው ስለሚገኙ፣ አንዱ ፕሮግራም ሙሉውን ሌላው የተቆረጠውን ሊያሳይ ይችላል።

3. ስለ ፊደሉ መበላሸት

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የግዕዝ ፊደል የሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር ስለ ነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ዝብርቅ ይሆን ነበር። ዛሬም ቢሆን ጽሑፉ በዩኒኮድ ተጽፎ ሳለ አንባቢው ፕሮግራም የላቲን ነው ብሎ ካነበበው ይበላሻል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲለይልን የምንፈልገው ሁለት ዓይነት መበላሸት አለ። በዩ ቲ ኤፍ 8 ሲጻፍ እያንዳንዱ የተለመደ የግዕዝ ፊደል በአንድ ዓይነት ባይት ይጀምራል፤ ያም ባይት በላቲን ሲነበብ ጭረት የተጫነባት የ«አ» ድምፅ ፊደል ይሆናል። ስለዚህ ይህች ፊደል በየጥቂቱ እየተመላለሰች ከታየች ከበስተኋላዋ አማርኛ አለ ማለት ነው፤ በትክክለኛው አሠራር ቢነበብ ስሙ ይመለሳል። ሁለተኛው ግን «???» የሚለው ነው። ይህ ምልክት በፋይሉ ውስጥ ከተጻፈ ፊደሉ ወደማያውቀው መዝገብ ሲገለበጥ ተደምስሷል ማለት ነው። ይህንን የሚመልስ ጥበብ የለም፤ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ብቻ ነው።

4. ስለ ሞክሼ ፊደላትና ስለ አጻጻፍ ልዩነት

ፊደሉ በደኅና ቢጻፍም ችግሩ አያበቃም። ለጆሯችን ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ለኮምፒዩተሩ ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ ቁጥር አላቸው። ይህንን ለማየት ከአገራችን ስም የተሻለ ምሳሌ የለም። «መርሐቤቴ» የሚለውን አንዱ በ«ሐ»፣ ሌላው በ«ሃ»፣ ሦስተኛው በ«ሀ» ይጽፈዋል፤ «መራቤቴ» ብሎ እንደ አነጋገሩ የሚጽፍም አለ። «ዓለም ከተማ» እና «አለም ከተማ»፣ «መሐል ሜዳ» እና «መሃል ሜዳ» እንዲሁ ናቸው። ሞክሼዎቹን እንዲያስተባብር ያልተሠራ ፈላጊ በአንዱ ሲጠየቅ ሌላውን አያገኝም። የዓለማየሁ እሸቴን የመጀመሪያ ስም ብንወስድ፣ ለ«ዓ» 4፣ ለ«ሁ» 3 አጻጻፍ ስላለ በጠቅላላው 12 መልክ ሊኖረው ይችላል።

በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ አማራ ባህል ባሳተመው መጽሐፍ መንዝን በላቲን የጻፈው «ማንዝ» ተብሎ በሚነበብ መልክ ነው፤ ዛሬ ብዙዎች «መ»ን በ«ኤ» ፊደል ይጽፋሉ። ከዚህም ጋር የአማርኛ መነሻ ቃላት አሉ። ብዙ ፈላጊዎች ቃልን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው ስለሚያመሳስሉ «መንዝ» ብሎ የፈለገ ሰው «የመንዝ» የሚለውን ሊያጣ ይችላል።

ዓመቱም ያደናግራል። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ሥራ ነው። አንዱ በእኛ አቆጣጠር ሌላው በአውሮፓ ቢጽፈው፣ አንዱ ዘፈን በ7 ወይም በ8 ዓመት ተራርቆ ሁለት ዘፈን ይመስላል። የአባት ስምንም እንደ ቤተ ሰብ ስም ቆጥሮ ጥላሁንን በ«ገ» ተራ የሚያስቀምጥ ዝርዝር፣ በራስ ስም መፈለግ የለመደውን ኢትዮጵያዊ ያሳስተዋል።

5. ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከላይ ከተባለው የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በውጪውም በውስጡም አንድ ዓይነት ስም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በርእሱ ላይ አገርና ዘፋኝ ያለ መነሻ ቃል ይቀመጡ፤ «መንዝ ፉከራ» ማለት «የመንዝ ፉከራ» ከማለት ለፈላጊ ይቀናል። ሦስተኛ፣ አንድ ቤተ ሰብ ወይም አንድ ሱቅ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያው ይጽና፤ ሌላውን አጻጻፍ በማስታወሻው ቦታ ይጨምርበት። አራተኛ፣ ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ በዚያው ማስታወሻ ይገለጽ። አምስተኛ፣ ፈላጊው ውጤት ሲያሳይ የርእስና የአርቲስት ዓምድ እንዲታይ ይታዘዝ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ይታያሉ።

መደምደሚያ

ይህንን ምክር መጀመሪያ የሞከርነው በዚያችው ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። በ«ትራክ 07» ፈንታ የሽማግሌው ስም ከነአባታቸው፣ ከነሰፈራቸው ተጻፈ፤ ከዚያ በኋላ በስማቸው ሲፈለጉ ይገኛሉ። ነገር ግን በዚያው ካሴት ላይ የሌሎች ሁለት ሰዎች ሽለላም ነበረበት። አንደኛውን እናት በድምፁ አወቁት፤ ስሙም ተጻፈ። ሁለተኛውን ግን በሠርጉ ላይ ከነበሩት በሕይወት ያሉትን ብንጠይቅ የሚያውቀው አልተገኘም። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ፋይሉም ደኅና ነው፤ የስሙ ቦታ ግን ባዶ ነው።

ስለዚህ በየቤቱ አሮጌ ካሴት ያለው አንባቢ ሁሉ ከማስገልበጡ በፊት ሽማግሌዎችን ሰብስቦ እንዲያስደምጥና የማን ድምፅ እንደ ሆነ እንዲጽፍ አደራ እንላለን። ኮምፒዩተር የተጻፈለትን ስም ፈልጎ ያመጣል፤ ያልተጻፈለትን ግን ከየትም አያመጣውም።