የደንበኛ ምስጢር የነጋዴ አደራ ነው

ቀድሞ ባለሱቅ ስለ ደንበኛው የሚያውቀው ሁሉ በአንድ የዱቤ መዝገብ ይጠቃለል ነበር። መዝገቡም በመሳቢያ ተቆልፎ ስለሚያድር፣ የዕዳውን ልክ ከባለሱቁና ከባለዕዳው በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

ዛሬ ግን ደንበኛው ወደ መደብር ሲገባ ካሜራ መልኩን ይቀርጻል፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፍል ስሙ፣ ሰዓቱና የገንዘቡ ልክ ይመዘገባል፤ ዕቃ እንዲላክለት ሲያዝም የስልኩን ቁጥርና የቤቱን አድራሻ ይሰጣል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ነገር ነው። በአንድነት ሲደመር ግን ሰውየው ከቤቱ መቼ እንደሚወጣ፣ ምን መድኃኒት እንደሚገዛ፣ ገንዘብ መቼ እንደሚያጥረው ይገልጻል። ይህንንም እርሱ በአፉ ለማንም አልተናገረም።

ሕግ ነገሩን አልዘነጋውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27፣ ሕግ ከፈቀደው ምክንያት በቀር፣ የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ከልክሏል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን አረጋግጧል። ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለታወቀ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ እንዲሰበስብና በጥንቃቄ እንዲጠብቅ ያዝዛል።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ሳያስፈልገው የመታወቂያ ቅጂ አይቀበል፤ የካሜራውን ምስል ለወሬ አያሳይ፤ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር ለሌላ አሳልፎ አይስጥ፤ በሕግ እንዲቀመጥ ያልታዘዘውንም መረጃ ጉዳዩ ሲያልቅ ያስወግድ። የጎደለ ሚዛን በማግሥቱ ተሞልቶ ይካሳል፤ የወጣ ምስጢር ግን ወደ መሳቢያው አይመለስም።