ኦዲተሩ ለማን ይሠራል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ካለፈ በኋላ፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሞላለት ከሚሴ ይደርሳል። ቦርከና የሚያልፍበት የጨፋ ሜዳ ከከተማው ዳር ተዘርግቶ ይታያል። መንገደኛው ሻዩን ጠጥቶ ወደ ኮምቦልቻ ሲያልፍ፣ ይህች ከተማ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ መሆኗን ቢያውቅም፣ በየመደብሩ ጓዳ ምን ያህል መዝገብ እንደሚገለጥ ግን አያስብም። እኛም ብንሆን ከአንድ የእህል ነጋዴ ጋር ተቀምጠን እስክንጫወት ድረስ አላሰብነውም ነበር።

እኒህ ነጋዴ ማሾና ማሽላ ከገበሬው እየገዙ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ፣ በዕድሜም በሥራም የበሰሉ ሐጂ ናቸው። መጋዘናቸውን ለማስፋት ከባንክ ብድር ቢጠይቁ፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ የሒሳብ መግለጫ እንዲያቀርቡ ተነገራቸው። ነገሩ ከንክኗቸው ኖሮ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን።

«ልጆቼ፣ በገዛ ገንዘቤ ላይ ምስክር የምቀጥረው ሌባ ነው ተብዬ ነው? ደግሞስ ዋጋውን የምከፍለው እኔ ከሆንሁ፣ ሰውዬው የሚሠራው ለእኔ ነው ወይስ ለባንኩ?»

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ወጣት ሹሞችም ኦዲተር መጣ በተባለ ጊዜ ፊታቸው ሲለዋወጥ ብዙ ጊዜ አይተናል።

በወሎ አገር ቅሬን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሸዋ እድር የሚለው ነው። የቅሬው ገንዘብ ያዥ መዝገቡን ይዞ በአባላቱ ፊት ቆሞ የገባውንና የወጣውን ሲያነብ፣ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ሁሉ በዓመቱ ማን እንደ ሞተ፣ ድንኳኑ መቼ እንደ ተገዛ ያውቃል። መርማሪው ዐይን እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው። ገንዘቡ ከሰፈር ሲወጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአዲስ አበባ ሆኖ ብድሩን የሚፈቅደው ሠራተኛ የሐጂን መጋዘን አላየም፤ የሚያበድረውም የሌላ ሰው ተቀማጭ ነው። እንዲሁም በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ውስጥ አክሲዮን የገዛ የባቲ ነጋዴ ቢኖር፣ ሰኞ ሰኞ ገበያውን ትቶ የባንኩን ካዝና ሊቆጥር አይሄድም። ኦዲተሩ የሚሠራው በስፍራው ሊገኝ ለማይችለው ለዚህ ሰው ነው። ዋጋውን ድርጅቱ ይክፈል እንጂ፣ ቃሉን የሚሰማው ሌላ ነው።

ሕጋችንም ይህን ያውቅ ነበር። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የአክሲዮን ማኅበርን ኦዲተር የሚመርጠው የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ እንዲሆን፣ የዲሬክተሮች የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመድ እስከ አራተኛ ደረጃ ድረስ ለዚህ ሥራ እንዳይመረጥ ደንግጎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 1243 ተተክቷል። (ሁሉም ከሁሉም በሚጋባበት በወሎ እስከ አራተኛ ደረጃ ዘመድ ያልሆነ ሰው ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሳይሆን አይቀርም!)

ታዲያ ኦዲተሩ ሲመጣ ምን ያደርጋል? የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ መጋዘን ገብቶ ጆንያው ሲቆጠር ቆሞ ያያል፤ ራሱም መርጦ ይቆጥራል። ለባንኩ ደብዳቤ ጽፎ በነጋዴው ስም ያለውን ቀሪ ይጠይቃል፤ መልሱ በነጋዴው እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለእርሱ ይድረስ ይላል። የተበደሩትንም ሰዎች እንዲሁ ይጠይቃል። ደረሰኞቹን ሁሉ አይመረምርም፤ እየመረጠ ነው የሚያይ።

ይህ ልማድ በጉዳት የተገኘ ነው። የዓድዋ ድል በሆነበት በ1888 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የአንድ የጥጥ ፋብሪካ ኦዲተሮች ተከሰሱ። ሥራ አስኪያጁ በመጋዘን ያለውን ዕቃ አብዝቶ ሲያስመዘግብ ዓመታት አልፈው፣ እነርሱ ግን የእርሱን ቃል አምነው ይፈርሙ ነበር። ዳኛው ሎፕስ ኦዲተር የቤት ጠባቂ ውሻ እንጂ ዱካ አነፍናፊ ውሻ አይደለም በማለት በነፃ አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 በአሜሪካ ማኬሰን ኤንድ ሮቢንስ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ በዓለም ላይ ያልነበረ ሀብት በመዝገቡ ይዞ ተገኘ። ኦዲተሮቹ ወረቀቱን አይተው መጋዘኑን አላዩም ነበር። መጋዘን ገብቶ ቆጠራን ማየትና ባለዕዳን መጠየቅ በዚያ አገር ግዴታ የሆነው ከዚህ ወዲህ ነው። ስለዚህ ሐጂ መጋዘናቸው ውስጥ አንድ ወጣት እርሳስ ይዞ ሲዞር ቢያዩ ሊቀየሙ አይገባም።

ምርመራው ሲያልቅ የሚሰጠው አስተያየት አራት ዓይነት ነው። ነቀፌታ የሌለው አለ፤ ከተጠቀሰው ጉድለት በስተቀር ደኅና ነው የሚል አለ፤ መግለጫው እውነቱን አያሳይም የሚልም አለ። አራተኛው አስተያየት ለመስጠት አልቻልሁም ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው በከሚሴ ሰው ዘንድ በቶሎ የሚገባ ይመስለናል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ እዚህ ድረስ መጥቶ ነበርና። ጦርነት ቤት ሲያቃጥል ደረሰኝም አብሮ ይቃጠላል። ወረቀቱ የጠፋበት ታማኝ ሰው ወረቀቱን ካጠፋው አጭበርባሪ ጋር በአንድ መስመር መሰለፉ የሚያሳዝን ነው፤ ይሁን እንጂ ኦዲተሩ ያላየውን አየሁ ሊል አይችልም። ከባንክና ከገዢዎች ቅጂ እየለመኑ መዝገቡን እንደ ገና ማቆም ብቻ ነው የሚቀረው።

የኦዲት ድርጅቶች ሌላም አገልግሎት አላቸው። ለዕርዳታ ድርጅት የፕሮጀክት ሒሳብ ይመረምራሉ፤ በግብር ጉዳይ ያማክራሉ፤ ሒሳብ ሠራተኛ ያሠለጥናሉ፤ ፒችትሪ የተባለውን የኮምፒዩተር መዝገብ ይተክላሉ፤ የሚፈርስ ድርጅት ሲኖር ሒሳቡን ያጣራሉ። ሁሉም ደኅና ነው፤ ነገር ግን መዝገቡን የጻፈ እጅ ያንኑ መዝገብ መርምሮ ሊፈርም አይገባውም። አርተር አንደርሰን የተባለው ታላቅ ድርጅት በፈረንጆች 2000 ከኤንሮን ኩባንያ ለኦዲት 25 ሚሊዮን፣ ለምክርና ለሌላ ሥራ 27 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ ነበር። በዓመቱ ኤንሮን ወደቀ፤ አንደርሰንም ብዙ ሳይቆይ ተከተለው።

በአገራችን ለዚህ ሙያ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው፣ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የቆመው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ከደሴም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ አስቀድሞ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። ርካሽ ነው ተብሎ መጋዘኑን ሳያይ በአንድ ቀን ፈርሞ የሚሄድ ሰው ከተገኘ፣ የተገዛው ማኅተም ብቻ ነው። አንዱን መዝገብ ለባንክ፣ አንዱን ለግብር የሚያስጽፍ ነጋዴም እንዲህ ያለውን ሰው ነው የሚፈልገው፤ በባንኩ መዝገብ ሀብታም፣ በግብሩ መዝገብ ድኃ ሆኖ ይኖራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የገበሬው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የኅብረት ሥራ ሕጉ የማኅበራት ሒሳብ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዝዛል። ሦስት ዓመት ሳይመረመር የቆየ ማኅበር ቢኖር፣ ማሾውን ያስረከበው የጅሌ ጥሙጋ ወይም የአርጡማ ፉርሲ ገበሬ ድርሻው ስንት እንደ ሆነ የሚነግረው የለም። ገበሬውም ወረቀቱን ማንበብ ባይችል እንኳ ዝምታውን ያነበዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት እህሉን ለደላላ ይሰጣል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ደብዳቤውን በመሳቢያ አስቀምጦ የኦዲቱን ቀጠሮ የሚያስተላልፈው ሹም ነው።

እኛ ራሳችን ከዓመታት በፊት የአንድ የሠራተኞች ቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነበርን። ኦዲተር መጥቶ ሣጥኑን ቢቆጥር 430 ብር ጎደለ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። በማግሥቱ ትዝ አለን፤ ለአንድ ባልደረባ ያለ ደረሰኝ ያበደርነው ነበር። ኦዲተሩ ሌባ ብሎ አልጻፈብንም፤ ገንዘብ የሚይዘውና መዝገብ የሚጽፈው ሁለት ሰው ይሁን ብሎ ለኮሚቴው መከረ። ያን ጊዜ ተቀይመነው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ ማኅበር ገንዘብ ያዥ የሆነ ሁሉ የተኛው በእርሱ ምክር ነው።

ይህን ሁሉ ለሐጂ ብንነግራቸው ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲህ ሰኔ 30 ጆንያ ሊቆጥር የሚመጣውን ልጅ ምሳ ልጋብዘው፣ ወይስ እሱም በሕግ ክልክል ነው?» አሉን።

«ምሳውስ ግድ የለም፣ ሐጂ» አልናቸው፤ «ሲሄድ ግን ማሾ አይጫኑለት።»

«አንድ ጆንያም?» አሉ እየሳቁ።