የእጅ ስልክ ድምፅ ጠርቶ እንዲሰማ ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የመንግሥት ቃል ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በጽሕፈት ብቻ ሳይሆን በድምፅ ጭምር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት አስመትቶ ሕዝቡን ጸጥ ካሰኘ በኋላ፥ ከፍ ካለ ስፍራ ቆሞ፥ ፊቱን ወደ ሕዝቡ መልሶ፥ ቃሉን እየለየ ይናገር ነበር። ይህም ለክብር ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ ቃሉ በነፋስና በጫጫታ እንዳይበላሽ ነው። ዛሬ የነጋሪቱን ስፍራ በብዙ ነገር የእጅ ስልክ ወስዶታል፤ የአዋጅ ነጋሪው ጥበብ ግን ከስልኩ ጋራ አብሮ አልተላለፈም። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ስልክ በያዘ ሰው እጅ እንኳ ቃል ሲደበዝዝና ሲሳሳት ይታያል።

ይህ ነገር ለጨዋታ ወይም ለዘፈን ማማር ብቻ የሚታሰብ አይደለም። ማንበብ ላልቻለ ገበሬ ድምፅ መጽሐፉ ነው። በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት በ8028 ቍጥር የከፈተው የገበሬዎች የስልክ መስመር በዚሁ አሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። ገበሬው ወደዚያ ቍጥር ደውሎ ስለ መሬት ዝግጅት፥ ስለ ዘር፥ ስለ ማዳበሪያና ስለ ሰብል አጠባበቅ የተቀዳውን ምክር በሚያውቀው ቋንቋ እንዲሰማ ሆነ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠር ጥሪ ደረሰው። ከዚህም ሌላ የወረዳ ሹማምንት፥ የልማት ሠራተኞችና የሰፊ እርሻ ባለቤቶች በቴሌግራምና በሌላውም መንገድ የድምፅ መልእክት ይለዋወጣሉ። እንግዲህ በዚህ መንገድ የሚሄደው ቃል የዘር መጠንና የመድኃኒት ልክ ከሆነ፥ የድምፅ መጥራት የመከር ጕዳይ ነው ማለት ይቻላል።

በተለይ ቍጥር ሊጠነቀቁለት የሚገባ ነው። በአማርኛ ሦስት፥ ስድስት፥ ሰባትና ስምንት የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ሠላሳ፥ ስድሳ፥ ሰባና ሰማንያም እንዲሁ። ሰሚው በመጀመሪያው ፊደል ሊለያቸው ስለማይችል የቀረው የቃሉ ክፍል ጠርቶ ሊደርሰው ያስፈልጋል። ለአንድ ሄክታር በብተና ሠላሳ ኪሎ የጤፍ ዘር እንዲዘራ የተነገረው ሰው ሰማንያ ብሎ ቢሰማ፥ ከኀምሳ ኪሎ ዘር መባከን በላይ ቡቃያው ተጨናንቆ ይቀጥናል፥ በነፋስና በዝናብም ይወድቃል። የመድኃኒት መጠን ሲሆን ደግሞ ጕዳቱ ከሰብሉ አልፎ ወደ ሰውና ወደ ከብት ሊደርስ ይችላል።

የዚህ ስሕተት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት የድምፅን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል። ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚሆነው የመንቀጥቀጥ ቍጥር ኸርዝ በሚባል መለኪያ ይነገራል፤ ቍጥሩ ሲያንስ ድምፁ እንደ ከበሮ ወፍራም፥ ሲበዛ እንደ ጸናጽል ቀጭን ይሆናል። በቀድሞው ሥርዐት የሚደረግ የስልክ ጥሪ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ያስተላልፋል። የ«ሰ» ፉጨት ግን የሚበዛው ኃይሉ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ስለ ሆነ በመንገድ ይቀራል። ስለዚህ በስልክ «ሰ» እና «ፈ» ይመሳሰላሉ፤ «ገበሬው ሠራ» የተባለው «ገበሬው ፈራ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። በ4ጂ መረብ በኩል የሚደረግ ጥሪ፥ መረቡም ሁለቱም ስልኮች የሚፈቅዱ ሲሆኑ፥ እስከ 7,000 ኸርዝ ድረስ ያስተላልፋል፤ ልዩነቱም ለጆሮ ወዲያው ይታወቃል። እንዲህ ያለው ጥሪ በማይገኝበት ቦታ በስልኩ ተቀድቶ በኢንተርኔት የሚላክ የድምፅ መልእክት ከደካማ ጥሪ የተሻለ ጥራት ይኖረዋል።

ይሁን እንጂ የመረቡ ድካም ካለበት ይልቅ የሰው አያያዝ የሚያበላሸው ድምፅ ይበዛል። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀድተው ልከው ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም የመልስ ቃላቸውን በዚያው መሣሪያ ቀድተው ላኩ። በዚያን ጊዜ በመሣሪያው ውስጥ ድምፅ የሚያጐላ ኤሌክትሪክ አልነበረም። የተናጋሪው ትንፋሽና ድምፅ በቀንዱ መሰል መለከት ገብቶ፥ በራሱ ኃይል መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ መስመር ያወጣል። ስለዚህ ተናጋሪው አፉን ወደ መለከቱ አቅርቦ በግልጽ ሊናገር የግድ ነበር። ዛሬ መሣሪያው እጅግ ተሻሽሏል፤ ከድምፁ ምንጭ የራቀ መቅጃ ግን ዛሬም ቢሆን ጥሩ ድምፅ አያገኝም።

ለዚህ በአዲስ አበባ የሚገኘው የመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መልካም ምሳሌ ይሆናል። በአራት ኪሎ ከፓርላማው አቅራቢያ የሚገኘው ይህ ሕንጻ ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ ተጀምሮ ከነጻነት በኋላ የተፈጸመ ሲሆን፥ ግድግዳው ድንጋይ፥ ጣሪያውም ከፍ ያለ ነው። በጥር 7 እና በሐምሌ 7 ቀን በሚከበረው በዓል ምእመናን ዜማውንና ስብከቱን በእጅ ስልክ ሲቀዱ ይታያሉ። ኋላ ቤታቸው ገብተው ሲሰሙት ዜማው ደስ የሚያሰኝ፥ ስብከቱ ግን የተድበሰበሰ ሆኖ የሚያገኙት ብዙዎች ናቸው። ስልኩ አንድ ሆኖ ሳለ ይህ ልዩነት የመጣው ከሕንጻው ጠባይ ነው።

ድምፅ ከድንጋይ ግድግዳና ከጕልላት እየተመለሰ ጥቂት ጊዜ በአየሩ ውስጥ ይቈያል። ዜማ በዝግታ የሚወጣ ስለ ሆነ የቀደመው ድምፅ ከሚከተለው ጋራ ተያይዞ ይበልጥ ያምራል። ንግግር ግን ፈጣን ነው፤ እንደ «ጠ»፥ እንደ «ቀ» እና እንደ «ጨ» ያሉት አጫጭር ድምፆች የቀደመው ቃል ገና ሳይጠፋ ስለሚመጡ ተሸፍነው ይቀራሉ። በስፍራው የቆመ ሰው ሁለት ጆሮ ስላለው ከፊቱ የሚመጣውን ቃል ከግድግዳ ከሚመለሰው ለይቶ ሊሰማ ይችላል። በአንድ ማይክሮፎን የሚቀዳ ስልክ ግን ይህን መለየት አያውቅም፤ የደረሰውን ሁሉ አንድ ላይ ያከማቻል። ከዚህም ጋራ፥ ከተናጋሪው ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር በቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ከግድግዳ የሚመለሰው ግን እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ በኋላ ረድፍ ቆሞ የሚቀዳ ሰው ከሰባኪው ይልቅ የሕንጻውን ድምፅ ይዞ ይሄዳል።

በየወረዳው ያሉት የስብሰባ አዳራሾችም ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ወለላቸው ሲሚንቶ፥ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፥ ግድግዳቸውም ባዶ ከሆነ ቃልን ያስተጋባሉ፤ ዝናብ ሲጥልማ ቆርቆሮው ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል። መጋረጃ፥ ምንጣፍና የሰው ልብስ ድምፅን ስለሚይዙ ማስተጋባቱን ይቀንሱታል። ከዛፍ ጥላ ሥር የሚደረግ ስብሰባ ማስተጋባት የለበትም፤ በዚያ ግን ነፋስ ጠላት ይሆናል።

ስለዚህ ምክር ወይም ትእዛዝ በስልክ የሚቀዳ ሰው የሚከተለውን ቢጠብቅ ይጠቅመዋል። ስልኩ ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ትንፋሽ በቀጥታ እንዳይመታው ግን ከአፉ ጥቂት ወደ ጐን ይሁን። የብዙዎቹ ስልኮች ዋና ማይክሮፎን በታች ጠርዝ በቻርጅ መሰኪያው አጠገብ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ እርስዋን በጣት ወይም በስልክ ሽፋን መድፈን አይገባም። ተናጋሪው ርቆ በመድረክ የሚቆም ከሆነ ቀጂው ከኋላ ሆኖ ስልኩን ከፍ ከሚያደርግ ይልቅ፥ አስፈቅዶ ስልኩን በተናጋሪው ጠረጴዛ ላይ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ቢያኖረው ይሻላል። ነፋስ ባለበት ሜዳ ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ፥ ማይክሮፎኑን በስስ ነጠላ ጫፍ መሸፈን የነፋሱን ጕርምርምታ ይቀንሰዋል። ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ሊገኝ ቢችል ደግሞ ለአፍ ቅርብ ስለሚሆን ውድ ስልክ ከመግዛት ይልቅ ይጠቅማል። ቀረጻው ከመጀመሩ አስቀድሞ ስልኩ በመካከል እንዳይጮኽ ጥሪ የሚቋረጥበትን ማዘዣ መክፈት፥ ጥቂት ቃልም ቀድቶ መስማት ይገባል።

በስልኩ የመቅጃ ማዘዣ ውስጥ የጥራት መጠን የሚመረጥበት ስፍራ ካለ፥ በሴኮንድ 128 ኪሎ ቢት ለንግግር ከበቂ በላይ ነው፤ ለአንድ ደቂቃም አንድ ሜጋባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ያልታመቀው ዓይነት ለአንድ ደቂቃ ከ5 ሜጋባይት በላይ ስለሚይዝ፥ መረብ ደካማ በሆነበት አገር ለመላክ ያስቸግራል።

ድምፁን የሚያሰማውም ሰው የራሱ ጥንቃቄ አለው። በስልክ ውስጥ ያለው ስፒከር እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ ብዙ አየር ማንቀሳቀስ አይችልም፤ በዚህ ምክንያት ወፍራሙ ድምፅ ይጐድለዋል። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ ይንቃቃል፤ ከሙሉው ጥቂት ዝቅ ቢያደርጉት ቃሉ ይበልጥ ይጠራል። አንዳንድ ሰዎች ስልኩን በስኒ ወይም በጣሳ ውስጥ ያቆሙታል፤ ይህ ድምፁን ያጐላዋል እንጂ አያጠራውም፥ የጣሳውንም ጩኸት ይጨምርበታል። ከዚያ ይልቅ የስፒከሩን ቀዳዳ ወደ ሰሚው ማዞር፥ በጠረጴዛም ላይ ሲቀመጥ እንዳይደፈን መጠንቀቅ ይበቃል። ሰሚዎቹ ብዙ ከሆኑ ግን ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋራ በሽቦ ወይም በብሉቱዝ ማገናኘት፥ ማጉያውንም በሕዝቡ አቅራቢያ ማቆም ያስፈልጋል። ለብቻው የሚሰማ ሰው በጆሮ ማዳመጫ ቢሰማ ከአካባቢው ጫጫታ ይድናል። ኢኳላይዘር የሚባለው ማስተካከያ በስልኩ ካለም ለንግግር ወፍራሙን ዝቅ፥ መካከለኛውንና ቀጭኑን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይረዳል።

በገጠር አገር አቧራና የዱቄት ብናኝ የስፒከሩንና የማይክሮፎኑን ቀዳዳ እየደፈኑ ድምፅን ያዳክማሉ። ብዙ ጊዜ ተበላሸ ተብሎ ለጠጋኝ የሚሰጠው ስልክ መጠረግ ብቻ የሚያስፈልገው ነው። ስልኩ ጠፍቶ በደረቅና በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ተብሎ ይጠረግ። በመርፌ መጐርጐር የውስጡን ስስ ሽፋን ይበሳል፤ በአፍ እፍ ማለትም እርጥበት ስለሚያስገባ የሚመከር አይደለም።

የድምፅ መልእክት ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍም የሚበላሽበት መንገድ አለ። አንድ ሰው መልእክቱን በስልኩ ስፒከር ሲያሰማ ሌላው በራሱ ስልክ ከአየር ላይ የቀዳው እንደ ሆነ፥ የስፒከሩ ጕድለት፥ የክፍሉ ማስተጋባትና የአካባቢው ጫጫታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጨመሩበታል፤ ሦስተኛው ሰው እንዲሁ ቢያደርግ ቃሉ ከናካቴው ሊጠፋ ይችላል። መልእክቱን ራሱን እንደ ደረሰ ማስተላለፍ ግን ይህን ጕዳት አያመጣም። ይህ የመጽሐፍን ቅጅ ከቅጅ እየገለበጡ ከመሄድ ጋራ ይመሳሰላል፤ እያንዳንዱ ገልባጭ የፊተኛውን ስሕተት ወርሶ የራሱን ይጨምርበታል።

በመጨረሻም፥ ማናቸውም መሣሪያ ቢጠራ ቍጥርን ለጆሮ ብቻ አደራ መስጠት አይገባም። አዛዡ ቍጥሩን ሁለት ጊዜ ይናገር፤ በሁለተኛውም ጊዜ እየለየ፥ «ሰማንያ፥ ስምንት አሥር» እንደ ማለት አድርጎ ያስረዳ። ተቀባዩም የሰማውን መልሶ ይንገር። ከዚህ በኋላ ያው ቍጥር በአጭር የጽሑፍ መልእክት ይላክ፤ ማንበብ የማይችለው ገበሬ ከልጁ ወይም ከጎረቤቱ ጋራ አይቶ እንዲያረጋግጠው ይመከር። የዘር ወቅት አንድ ጊዜ ካለፈ የተሳሳተውን ቃል ማረም ለከርሞ ይቀራልና፥ ቃልን የሚያስተላልፍ ሹም ሁሉ ከመናገሩ በፊት ስልኩን፥ ስፍራውንና ርቀቱን ሊመለከት ይገባዋል።